ዓሣን በሳህን ላይ ብቻ ለሚያውቁ ልጆቻችን

ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ረጅሙ ዕረፍት ሲጀመር በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። እናትና አባት ሥራ ይውላሉ፤ ልጆች ከግቢው በርና ከቴሌቪዥኑ መካከል ሲመላለሱ ቀኑ ይመሻል። ከዓመት ፈቃድ ጥቂት ቀናት ተቆጥበው፣ ከደመወዝም ጥቂት ተቀንሶ ቤተሰቡ አንድ ቦታ ደርሶ እንዲመለስ የታሰበ እንደሆነ ደግሞ «የት እንሂድ?» የሚለው ክርክር ይከተላል። አንዱ ዘመድ ጥየቃን፣ ሌላው ፍል ውሃን፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ መጫወቻ ያለበትን ቦታ ይመርጣል።

በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ክርክር አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እንወዳለን። ይኸውም ልጆችን ወደ ውሃ ዳር ወስዶ በውሃ ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት ማሳየት ነው። የከተማ ልጅ ላምን በመንገድ ላይ፣ ዶሮን በግቢ ውስጥ፣ በግን በበዓል ዋዜማ ያያል። ዓሣን ግን የሚያውቀው ተጠብሶ ወይም ጉላሽ ሆኖ በሳህን ላይ ሲቀርብ ብቻ ነው። «እማዬ፣ ዓሣ ይተኛል እንዴ? ውሃስ ይጠማዋል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ብዙውን ጊዜ «እኔ ምን አውቄ!» ከሚል መልስ በቀር አያገኝም። ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም። ዓሣ የዐይን ሽፋን ስለሌለው ዐይኑን እንደከፈተ ያርፋል። የባሕር ዓሣ ጨዋማው ውሃ ከሰውነቱ ፈሳሽ ስለሚመጥጥበት ውሃ ይጠጣል፤ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ግን ውሃው በስንጥቡ በኩል ወደ ሰውነቱ ስለሚገባለት መጠጣት አያስፈልገውም ማለት ይቻላል።

ልብስ ሰፊዋና የመስታወት ገንዳው

በሌሎች አገሮች ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ሲባል የተሠሩ ትላልቅ ቤቶች አሉ። አኳሪየም ይባላሉ። በመስታወት በታጠረ ገንዳ ውስጥ ዓሦችና ሌሎች የውሃ ፍጥረታት እየኖሩ ሰው በቅርብ ሆኖ ያያቸዋል። የዚህን ገንዳ አጀማመር ስንመለከት ከፊት የምናገኛት አንዲት ልብስ ሰፊ መሆኗ የዚህን አምድ አንባቢዎች ሳያስደስት አይቀርም።

ዣን ቪልፕሩ እ.አ.አ. በ1794 በፈረንሳይ አገር ዡያክ በምትባል መንደር ከጫማ ሰፊ ቤተሰብ ተወለደች። በወጣትነቷ ሥራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ ሄዳ የልብስ ስፌት ተማረች። በ1816 ለአንዲት ልዕልት የሠርግ ቀሚስ በመሥራቷ ስሟ ታወቀ። ከዚያም ጄምስ ፓወር የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ አግብታ በሲሲሊ ደሴት መሲና ከተማ ተቀመጠች። በዚያም የባሕሩን ፍጥረት ራሷን በራሷ እያስተማረች ማጥናት ጀመረች።

በዚያ ዘመን ሊቃውንትን ያከራከረ አንድ ጉዳይ ነበር። አርጎናውት የሚባለው የኦክቶፐስ ዘመድ የሚኖርበትን ስስና ነጭ ዛጎል ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ፍጥረት ይወስደዋል? የሚል ነው። ብዙዎቹ ይከራከሩ የነበረው በሞተና በደረቀ ናሙና ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ሕይወት ያለውን ፍጥረት ከነውሃው ማየት ይሻላል ብላ በ1832 የመስታወት ገንዳ አሠራች። በገንዳዎቿና በባሕሩ ውስጥ ባስቀመጠቻቸው ሣጥኖች ከእንቁላሉ ጀምራ ተከታተለችው። ዛጎሉን በጥቂቱ ሰብራ ስታየው እንስሳው መልሶ ጠገነው። በዚህም ዛጎሉ የራሱ ሥራ መሆኑን አረጋገጠች። ዛጎሉን የምትሠራው ሴቷ ብቻ ናት፤ የምትሠራውም እንቁላሎቿን ልታኖርበት ነው።

በ1838 የሰበሰበቻቸውን ናሙናዎችና ጽሑፎች የጫነው መርከብ በመስጠሙ ብዙው የድካሟ ፍሬ ባሕር ገባ። ሆኖም ሐሳቡ አልጠፋም። በ1853 በሎንዶን የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ አኳሪየም በየአገሩ ተስፋፋ።

ባሕር በግድግዳ ውስጥ

የዛሬዎቹ አኳሪየሞች ስፋታቸው ያስገርማል። በዱባይ ከአንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የሚገኘውና በ2008 የተከፈተው ትልቅ ገንዳ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል። ይህን ያህል ውሃ የሚገፋውን ኃይል ተራ መስታወት ስለማይችለው ፊቱ የሚሠራው አክሪሊክ ከሚባል ወፍራም ፕላስቲክ ነው። በአሜሪካ አትላንታ ከተማ በ2005 የተከፈተው አኳሪየም የዓለም ትልቁን ዓሣ፣ ዌል ሻርክ የሚባለውን፣ ለማሳየት የቻለ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ በምትርቀው በባልቲሞር ደግሞ በ1981 የተከፈተ አኳሪየም ይገኛል። በእስራኤል ኤይላት ያለው ለየት ይላል። ዓሣው ወደ ሰው እንዲመጣ ከማድረግ ይልቅ ሰው በደረጃ ወደ ቀይ ባሕር ውስጥ ወርዶ በመስኮት እንዲመለከት ተደርጎ ተሠርቷል።

በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ወደዚያ ሲወስዱ አንድ ነገር ቢያስተውሉ መልካም ነው። እንስሳን አጥሮ ማሳየት ተገቢ ነው ወይ? የሚለው ክርክር እየበረታ መጥቷል። የባልቲሞሩ አኳሪየም በ2012 የዶልፊን ትርዒቱን አቁሟል። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ቦታው እንስሳቱን የሚያጨፍር ነው ወይስ የሚያጠናና የሚያስተምር? ብሎ መጠየቅ ለልጁም ትምህርት ይሆነዋል።

እኛስ? የቀድሞ ቤተሰቦች ለዕረፍት ምጽዋ ወርደው የባሕሩን ዳርቻ ያዩ ነበር። ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ነገር ግን ሐይቆች አሉን። በእነርሱም ዘንድ ለሚያስተውል ሰው ማንኛውም የመስታወት ገንዳ የማያሳየው ነገር ሞልቷል።

አሞራ ገደል በማለዳ

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐዋሳ ለዚህ ጉዳይ የተመቸች ከተማ ናት። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቅ የሆነው ቦታ ወደ 22 ሜትር ይጠጋል። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ከከተማው የሚገባበት ቆሻሻ ሁሉ መውጫ የለውም ማለት ነው። ይህን ለልጆች ማስረዳት አያስቸግርም። በሳፋ ያለ ውሃ ካልተደፋ ሳሙናው የት ይሄዳል? ማለት በቂ ነው።

ከማረፊያ ቤት በማለዳ ተነሥቶ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ መሄድ ያስፈልጋል። ሌሊቱን የዋለው መረብ ተነሥቶ ጀልባዎቹ የሚመጡት ጧት ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ አሞራዎች ራሰ በራቸውን እየነቀነቁ እንደ ዕድር ዳኛ በዝግታ ይመላለሳሉ። ፔሊካኖቹ ከውሃው ላይ ሆነው የሚጣለውን የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይታያሉ። ሴቶችና ወጣቶች ዓሣውን ይገፋሉ፣ ይሰነጥቃሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። ከወዲያ የዓሣ ሾርባ ይፈላል።

ዓሣ የሚሰነጠቅበት ቦታ ለልጅ ጥሩ መማሪያ ነው። ቀዩን ስንጥብ አሳይታችሁ ዓሣ በውሃ ውስጥ ያለውን አየር የሚስበው በዚህ ነው በሏቸው። ከጀርባ አጥንቱ ሥር ያለውን ነጭ የአየር ከረጢት አሳይታችሁ ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ በመካከል የሚቆመው በዚህ እንደሆነ ንገሯቸው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከጎኑ ላይ ቀጭን መስመር አለው። መስመሩ ከመካከል ተቋርጦ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ዓሣው የውሃውን እንቅስቃሴ የሚሰማበት ነው። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም። በአፉ ዙሪያ 8 ሪዞች አሉት። ከስንጥቡ ሌላ ከውሃ በላይ ያለውን አየር የሚተነፍስበት ብልት ስላለው ውሃው ሲጎድል በጭቃ ላይ እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ ለመሻገር ይችላል።

አፏን የዘጋችው እናት

በሐዋሳ ሐይቅ በብዛት የሚጠመደው ቆሮሶ ነው። ስለዚህ ዓሣ አወላለድ ማወቅ ግን ጉላሹን ለሚበላ ሁሉ፣ ይልቁንም ለእናቶች፣ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ወንዱ ጥልቀት በሌለው የዳርቻ ውሃ ውስጥ አሸዋውን በአፉ እየቆፈረ ክብ ጎድጓዳ ሥፍራ ያዘጋጃል። ሴቷ እንቁላሎቿን ከጣለች በኋላ በአፏ ትሰበስባቸዋለች። ከዚያ በኋላ አፏ ማሕፀን ይሆናል። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉና ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው መዋኘት እስኪጀምሩ ድረስ እየተነፈሰች ውሃ ታመላልስላቸዋለች። በዚህ ጊዜ የምትበላው የለም ማለት ይቻላል። ከለቀቀቻቸውም በኋላ ለጥቂት ቀናት አትርቅም። አደጋ የመጣ እንደሆነ ሁሉም ተሯሩጠው ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ።

ወደ አሞራ ገደል በሄድንበት ጧት ከአዲስ አበባ ከወላጆቿ ጋር የመጣች ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ይህን ስትሰማ ዓሣ የሚገፉትን እናት ቀና ብላ አይታ፣ «ታዲያ ይቺ ስትያዝ ልጆቿ የት ሄዱ?» ስትል ጠየቀቻቸው። ሴትየዋ ቢላዋቸውን አቆሙ። መረብ የያዛት እናት በድንጋጤ በአፏ ያለውን እንደምትተፋው፣ እርሳቸውም በጀልባው ወለል ላይ የተበተነ እንቁላል ብዙ ጊዜ እንዳዩ ነገሯት። ቀደም ባሉት ዓመታት ይመጣ የነበረው ዓሣ ሰፋ ያለ እንደነበረ፣ አሁን አንድ ኪሎ ለመሙላት የሚገፉት ቁጥር እንደበዛ ጨመሩላት። በዚሁ ሥራ ልጆቻቸውን እንደሚያስተምሩ የነገሩን ቆይተው ነው። የዓሣው ማነስ ለእርሳቸው የደብተርና የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው።

የነገሩ መሠረት እዚህ ላይ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ይጠርጋል። ዳር ዳሩን የሚጣል መረብ ደግሞ ጫጩቶቹ በሣር ውስጥ የሚያድጉበትን ሥፍራ ያራቁታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ የተደነገገው ሀብቱ በአግባቡ እንዲያዝ ነበር። ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን መረብ አያሰፋም። ገዢው ካልገዛ አጥማጁ አይዝም። ስለዚህ የቤት እመቤት በገበያ ውስጥ ትልቅ ሥልጣን አላት። ከመዳፍ ያነሰ ቆሮሶ በርካሽ ሲቀርብላት «ይህስ ገና ልጅ ነው» ብላ ብትመልስ የራሷን ልጆች የነገ ምግብ አስጠበቀች ማለት ነው።

አቅም እንደፈቀደ

ሐዋሳ ድረስ ለመሄድ ጊዜና ገንዘብ ያልፈቀደለት ቤተሰብ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ከአዲስ አበባ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይርቀው በቢሾፍቱ ጧት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሆራ፣ ባቦጋያና ሌሎቹም ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ዳቦና ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በዘንቢል ይዞ መሄድ ወጪውን ይቀንሳል።

በዝዋይ ሐይቅ ዳር ባቱ ከተማ ላይም ዓሣ አጥማጆችንና የውሃ ወፎችን በቅርብ ማየት ይቻላል። ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት። ከዚያ አለፍ ብሎ ያለው የአብያታና የሻላ ሐይቆች ታሪክ ግን ለልጆች ሊነገር የሚገባው ነው። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ነው። ፔሊካኖች በደሴቱ ላይ ጎጆ ሠርተው ልጆቻቸውን ያሳድጉበት ነበር። ምግባቸውን የሚያመጡት ግን ጥልቀት ከሌለውና ዓሣ ከሞላበት ከጎረቤቱ ከአብያታ ነበር። ጓዳቸው አንድ ሐይቅ፣ መኝታቸው ሌላ ሐይቅ ነበር ማለት ነው። ወደ አብያታ የሚፈሰው ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ እየተሳበ ሲሄድ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ዓሣው ሲያልቅ ፔሊካኖቹም ምግብ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች ሄዱ። ውሃ፣ ዓሣና ወፍ በአንድ ክር የተሰፉ መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

በጣና በኩል ያሉ ቤተሰቦችም በደጃቸው ዓለም የሚያደንቀው ሀብት አላቸው። ተመራማሪዎች በሐይቁ ውስጥ እርስ በርስ የሚዛመዱ 15 ዓይነት የቢልጫ ወገን ዓሦች ለይተዋል፤ አብዛኞቹ በሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በዚያን ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መጣል በማዋለጃ ቤት በር ላይ ወጥመድ እንደ ማኖር ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታወቀው የእምቦጭ አረም ደግሞ ዓሣ የሚራባበትን ዳርቻ በመሸፈን ሌላ ችግር ጨምሯል።

እያሳሳቀ እንዳይወስድ

አበው «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ያሉት በከንቱ አይደለም። የውሃ ዳር ሽርሽር ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባል።

አንደኛ፣ የሚሰጥም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም። አፉ ውሃ ስለሚሞላ ድምፅ ሳያሰማ ይሰምጣል። ስለዚህ ከትልልቆቹ አንዱ ተራ ይዞ ልጆቹን ብቻ ይጠብቅ። ቡና የሚያፈላው ሌላ፣ ልጆችን የሚያየው ሌላ መሆን አለበት። በጀልባ ሲወጡ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለሁሉም፣ ለሕፃናትም በልካቸው፣ መኖሩን ሳያረጋግጡ አለመሳፈር ነው።

ሁለተኛ፣ ጉማሬ ሰነፍ መስሎ ቢታይም አደገኛ እንስሳ ነው። ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል። በእርሱና በውሃው መካከል መገኘት ሕይወት ያስከፍላል። ጀልባ ነጂው ለጉርሻ ብሎ ሊያስጠጋ ቢፈልግ እንኳ እምቢ ማለት የወላጅ ፈንታ ነው።

ሦስተኛ፣ ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ልጆች እግራቸውን ነክረው እንዳይጫወቱ። የቢልሃርዝያ ተሕዋስ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥም በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ለመግባት ይችላል። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች አካባቢ በሽታው መኖሩ በጥናት ታውቋል። ከጉዞ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ትኩሳት፣ ማሳከክ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢያሳይ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድና ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። በሽታው በኪኒን ይድናል።

አራተኛ፣ በየሐይቁ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ መብላት እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። በጥሬ ዓሣ ሥጋ ውስጥ የትል ዕጭ ሊኖር ስለሚችል ለልጆች ፈጽሞ መስጠት አይገባም። ደህና የበሰለ ዓሣ ግን ለሚያድግ ልጅ ጥሩ ምግብ ነው። ስትገዙ ስንጥቡ ቀይ፣ ዐይኑ የጠራ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ተረት ለገበያም ይሠራል።

ከጉዞው በኋላ

ከሐይቅ የተመለሰ ልጅ «ቤታችን ዓሣ እናሳድግ» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡን መግፋት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ትንሽዋ ክብ ብርጭቆ ለዓሣ እስር ቤት ናት። ውሃው ቶሎ ይቆሽሻል፣ አየሩም ያልቃል። ሰፋ ያለ ገንዳ ማዘጋጀት፣ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ በተከፈተ ዕቃ አንድ ቀን ማሳደር፣ ውሃውን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ከፊሉን ብቻ እየቀነሱ መለወጥ ይገባል። የቤት ዓሣን ከረኃብ ይልቅ የሚገድለው ጥጋብ ነው። ያልተበላው ምግብ በስብሶ ውሃውን ስለሚመርዘው ቁንጥር ብቻ መስጠት ይበቃል። ይህን ሥራ በየቀኑ ለአንድ ልጅ ማስረከብ ኃላፊነትን ያስተምራል።

ትምህርት ቤቶችና የሥራ ቦታ ማኅበራትም ቢያስቡበት የሚጠቅም ነገር አለ። በሰበታ የሚገኘው የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለዓመታት ስለ ዓሣ ሲያጠና የቆየ ነው። የተማሪዎች ጉብኝት ከእንዲህ ያሉ ተቋሞች ጋር አስቀድሞ በደብዳቤ ተነጋግሮ ቢዘጋጅ ሩቅ ለመጓዝ አቅም የሌላቸው ልጆችም ዕድሉን ያገኙ ነበር። በትልልቅ ከተሞቻችንም ለሕዝብ የሚታይ መጠነኛ የዓሣ ገንዳ፣ የቆሮሶዋን እናት ከነልጆቿ የሚያሳይ፣ ቢሠራ የሚጠላው አይኖርም።

እስከዚያው ግን ሐይቆቹ ክፍት ናቸው። በዚህ ዕረፍት ወደ ውሃ ዳር የምትሄዱ ቤተሰቦች የምግባችሁን ፌስታልና የውሃ ጠርሙስ ቆጥራችሁ መልሳችሁ ውሰዱ። ከዓሣ ገፋፊዎቹ ጋር ልጆቻችሁን አነጋግሯቸው። ስትመለሱም ያዩትን በደብተራቸው እንዲሥሉ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ዓሣ በሳህን ሲቀርብ የሚጠይቁት ጥያቄ የተለየ ይሆናል። መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።